ማንም የማይመጣበት ትዕይንት

እምሩ ፊልሙን ያነሳ የነበረው ኦክላንድ፣ እኔ አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ለሎኬሽን የሚከፍለው አልነበረውም። ሳን ሆዜ ፊልም ይማራል። ካሜራው የትምህርት ቤቱ ነው፤ የፊልም ጥቅልሉን ከጓደኞቹ የተረፈውን ለምኖ ነው ያገኘው። ታሪኩ አጭርና አስፈሪ ነው። ብቻዋን የምትኖር ሴት ከግድግዳው ውስጥ ትንፋሽ ትሰማለች። መጨረሻ ላይ ትጮኻለች፤ ማንም አይመጣም። ያኔ መኖሯን ራሷ ትጠራጠራለች።

ሴትዮዋ እኔ ነበርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ተዋናይ መሆንን ነው፤ አሜሪካ ከመጣሁ የመጀመሪያ ሚናዬም ይኸው ነበር።

«መቅደስ፣ ይሄ የፊልም ጩኸት ነው» አለኝ እምሩ፣ ደጋግሜ ከጮኽኩለት በኋላ። «የራስሽን ጩኺልኝ።»

«የራሴን ከጮኽኩ ሰው ይመጣል።»

ሳቀ። «ኧረ ባክሽ! እዚህ አገር ሰው ጩኸት ሲሰማ የቲቪውን ድምፅ ነው የሚጨምረው።»

ካሜራው መዞር ጀመረ። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩና አናቴን ያዝኩ።

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!»

ለአፍታ ፀጥ አለ። እምሩ በደስታ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ደረጃው ተንጓጓ፤ በሩ ተበረገደ። ከታች የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ እጅጋየሁ ዘነዘና ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ሌላው ጎረቤቴ፣ ታክሲ ነጂው ቡልቻ፣ በካልሲ፣ ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ እንደተቀባ።

«የታለ?» አሉ እትዬ እጅጋየሁ። እምሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተ ነህ?»

«ካት! ካት!»

«ማንን ነው ካት የምትለው?» አለ ቡልቻ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

«እትዬ፣ ፊልም ነው! ፊልም እየሠራን ነው!»

ሁሉም ሲረጋጋ እምሩ ለመናቸው። «ነገ እንደግመዋለን። ነገ ሲሰሙ ኢግኖር ያድርጉት፣ እባክዎን።»

«ምን ላድርገው?»

«እንዳልሰሙ ይሁኑ።»

እትዬ እጅጋየሁ ዘነዘናውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «የነገው የምር ቢሆንስ? አንተ መጥተህ ትለይልኛለህ?»

እምሩ ወደ እኔ ዞረ። «መቅደስ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ይሄ ሲን ከሌለ ፊልም የለም።»

እኔ ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማ ነኝ። ያን ቀን ግን አልተንተባተብኩም። «አልነግራቸውም። ስጮህ መጥተዋል። የመጡትን አንሳ።»

«እሱ ምኑ ነው ሆረር?»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ።»

ፈለገ። ሳንታ ክላራ አንዲት ልጅ አገኘና ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀመረው። ቂም አልያዘም፤ ፊልሙ አልቆ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ሦስታችንንም ጠራን። ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ቀናሁባት። ግድግዳው ሲተነፍስ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ጮኸች። የቤቷ በር እንደተዘጋ ቀረ። ደግማ ጮኸች።

እትዬ እጅጋየሁ ከወንበራቸው ተነሱ።

«እትዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አለ እምሩ ከጎን በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አሉት፤ አልተቀመጡም።

ቡልቻ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ከኋላችን «ሲት ዳውን!» የሚል ድምፅ በረታ። ከፕሮጀክተሩ የሚመጣውን ብርሃን ከልለን ስለነበር የሦስታችን ጥላ ስክሪኑ ላይ፣ የተዘጋው በር ላይ አረፈ። ልጅቷ ጮኻ እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ቆምን።