አየር የጠጣው ፓምፕ

መካኒኳ ደራርቱ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ ሥራ በጀመረችበት ጠዋት የቁስቋም ዳገት ጉም ለብሶ ነበር። ከሸጎሌ ጋራዥ ያመጣት ፒካፕ አስፋልቱ ሲያልቅ አወረዳትና ተመለሰ፤ የቀረውን ጭቃ የመሣሪያ ሣጥኗን ተሸክማ በእግሯ ወጣችው። ሕፃኗ ሉሊት ከተወለደች ወዲህ እንቅልፍ በቅጡ አላየችም። ስትራመድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም። ባሕር ዛፎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ስታልፋቸው ተመልሰው ይጠፋሉ። "እየሄድኩ ነው ወይስ እያለምኩ?" አለች በልቧ።

ልትጠግነው የመጣችውን መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተሩን፣ ከማየቷ በፊት ድምፁን ሰማችው። ቀጭን ነው፤ እዬዬ የሚል፣ ትንፋሽ እያጠረው የሚያለቅስ ዓይነት። ያን ጊዜ ጡቷ ግትር አለ፤ ወተቱም ሳትጠራው መጥቶ የለበሰችውን ቱታ አራሰው። ደነገጠች። ሰው እንዳያያት ጃኬቷን እስከ አንገቷ ዘጋችና ወደ ድምፁ ሄደች።

ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ለመንገድ ከተቆረጠው አፋፍ ላይ የውሃ ሮቶ የሚያክል ድንጋይ አንከባሎ፣ ከእማማ ታየች ቤት ጓሮ በላይ አቁሞታል። ኦፕሬተሩ ጋሽ ጌጡ ማለዳ ደርሶ በማሽኑ አካፋ ድንጋዩን ከሥር አቀፈው። ወደ ላይ መሳብ ሲጀምር ግን ማሽኑ አቅም አነሰው። ይኸው ድንጋዩን እንደታቀፈ ቆሟል። ጌጡም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እማማ ታየች ከጎረቤት በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቤታቸውን ያያሉ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አላት ጌጡ ከላይ ሆኖ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሽ ጌጡ። እንዴት ሆነ?"

"ደህና ሲሠራ ነበር እኮ! ከዚያ ይኼን ልቅሶ ጀመረ፤ በቃ፣ ጉልበቱ ከዳው። የማሽኑ ባለቤት በስልክ 'ፓምፑ አልቆለታል፣ ሌላ እስኪመጣ ጠብቅ' ይለኛል። እስከዚያ ድንጋዩ ይጠብቀኛል? ሞተሩን ላጥፋ ብል ደግሞ ክንዱ ቢወርድስ?"

"አያጥፉት። መጀመሪያ ልስማው።"

ረጅሙን ካቻቢቴ ከሣጥኗ አወጣች። ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ጉሙም፣ ሰዉም፣ ዳገቱም ራቁ። ውሃ ውስጥ የገባች መሰላት፤ ከወንዝ ሥር ጠጠር ሲንከባለል ሰማች። ከጠጠሩ ጀርባ አንድ የሚጠባ ነገር አለ፤ ይስባል፣ ይስባል፣ አይጠግብም። ሉሊት በተወለደች ሰሞን እንዲሁ ጡት ጠብታ ጠብታ ታለቅስ ነበር። አማቷ ወይዘሮ ቦሰና ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ወተትሽ አላነሰም፤ አየር ነው የምትውጠው። አያያዟን አስተካክዪ" አሏት።

ዓይኗን ገለጠች። የዘይቱን መጠን ወደሚያሳየው መስታወት ሄዳ በመዳፏ ጠረገችው። ዘይቱ ነጥቷል፤ እንደ ተናጠ ወተት አረፋ ሞልቶታል።

"ጋሽ ጌጡ፣ ፓምፕ ውስጡ ሲበላም ይጮኻል፤ ዘይት አጥቶ አየር ሲስብም ይጮኻል። ድምፃቸው እህትማማች ነው። ይኼኛው የጠማው ይመስለኛል።"

"እንዴት ታውቂያለሽ?"

"ገና አላወቅኩም።"

ከዘይቱ ጋን ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ከጎማው መጋጠሚያ ላይ ወፈር ያለ ዘይት አፈሰሰች። ልቅሶው ቀጥ አለ። ዘይቱ ተንጠባጥቦ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ። ደግማ አፈሰሰች፤ ደግሞ ዝም አለ።

"ምን አደረግሽው?" ጌጡ ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ቀዳዳውን ለአፍታ ዘጋሁበት። አየር የሚገባው በዚህ ነው። ግን ለመሥራት ሞተሩ መጥፋት አለበት።"

ጌጡ ወደ ድንጋዩ አየ። "እናቴ ትሙት፣ እፈራለሁ።"

"እኔም እፈራለሁ" አለች ደራርቱ። "ነገር ግን ክንዱን አሁን የያዘው ፓምፑ አይደለም፤ ዘይቱን የሚቆልፈው ቫልቭ ነው። ይዞ እንደሆነ እናያለን።"

የሠፈሩ ሰዎች የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥተው ከድንጋዩ ሥር በጎን በኩል ወሸቁ። ደራርቱ ክንዱን በሚሸከመው አብረቅራቂ ብረት ላይ፣ ብረቱ ከሚገባበት ቱቦ አፍ ጥግ፣ ቴፕ ለጠፈች። ቴፑ ተንቀሳቀሰ ማለት ክንዱ ወረደ ማለት ነው። ጌጡ ቁልፉን አዞረ።

ጸጥ አለ። ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ይሰማል። ሁሉም ያቺን ቁራጭ ቴፕ ያያሉ። ቴፑ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

"ያዘ" አለ ጌጡ በሹክሹክታ።

ዘይቱን በርሜል ውስጥ ቀድታ ጎማውን ፈታችው። ጫፉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ማሰሪያውም ላልቷል። የተሰነጠቀውን ቆርጣ ደህናውን በአዲስ ማሰሪያ አጠበቀችው። ማጣሪያውንም ከፍታ ዘይቱን በጣቷ አሸችው። ጥቂት የብረት ብናኝ ብልጭ አለ።

"ፓምፑ ቆስሏል" አለችው። "አልሞተም። ዛሬን ይሠራል፤ ከዚያ ግን ወርዶ መታየት አለበት።"

ዘይቱን መለሰችና ከፓምፑ ራስ ላይ አንዱን ብሎን አላላች። አረፋው ፊጭ እያለ ወጣ፤ ቆይቶም ንጹሕ ዘይት ብቻ ፈሰሰ። ብሎኑን አጥብቃ እጇን አነሳች። ጌጡ ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ሆኖ በዳገቱ ላይ ተኛ። ክንዱ ተነሣ፤ ድንጋዩም ከግንዶቹ ላይ ተላቆ በጉሙ ውስጥ፣ ክብደት እንደሌለው፣ ወደ ላይ ተንሳፈፈ።

እማማ ታየች መጥተው ክንዷን ያዟት። "ደረትሽ ርሷል ልጄ። አራስ ነሽ እንዴ?"

"ከአራስ ቤት ወጥቻለሁ እማማ" አለች አፍራ።

"ነይ ግቢ።" ቤታቸው አስገብተው የታጠበ ኩባያ ሰጧት። "ወተቱን እለቢው፣ እንዳያምሽ። ከዚያ ጋደም በዪ።"

ጋደም ያለችው ለአፍታ ብላ ነበር። ድንጋዩ ጋርዶት የነበረው የጓሮ መስኮት ተከፍቶ፣ ጉሙም ተገፎ፣ ፀሐይ አልጋው ላይ ወርዳለች። ከውጭ የማሽኑ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይመጣል፤ ደራርቱ በዚያ ድምፅ ላይ ተኝታ ሰፊ፣ ለብ ያለ ወንዝ ይዟት ሲሄድ አየች።

ጌጡ ጭቃ የያዘ ጫማውን በር ላይ አውልቆ አንገቱን አስገባ። "ደራርቱ፣ ዘይቱን አንዴ ብታ..."

"እሽሽ!" አሉ እማማ ታየች፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው።

ጌጡ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲው ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ወጣ።