ልቡ የወጣ ቦሎቄ

ሰው ቂሙን በሆዱ ይይዛል ይባላል። የአትጠገብ ግን ቀኝ ክንዷ ላይ ነው የተቀመጠው። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ልትጠይቅ እጇን አወጣች። መምህሩ «አውርጂ» አላት። ደግማ አወጣች። «አውርጂ አልኩሽ! ጣራው እንዳይወድቅ ነው የደገፍሽው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። እናቷ ለመኑ፣ አባቷ አርጩሜ አነሱ፣ ወይ ፍንክች። ይበልጥ የሚያናድዳት ደግሞ ምን ልትጠይቅ እንደነበር ማስታወስ አለመቻሏ ነው። ጥያቄው ጠፍቶ እጁ ቀረ።

ዛሬ ዲላ ዳር፣ በእንሰትና በቡና ጓሮዋ መሃል ትኖራለች፤ ገበያ ላይ ቆጮ ትሸጣለች። ትልልቆቹ ልጆቿ ወጥተዋል። የቀረችው ሔርሜላ ናት፣ የሆዷ መዝጊያ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አፏ የማያርፍ። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? ጉንዳን ይተኛል ወይ? ሥጋ ሲቀበር ይበሰብሳል፣ ቆጮ ሲቀበር ለምን ይጣፍጣል?

«ለአፍሽ የሚሆን ቁልፍ የት ይሸጣል ልጄ?» ትላታለች አትጠገብ፣ ቆጮዋን እየጨመቀች።

አንድ ሳምንት ግን ልጅቷ ዝም አለች። ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አትጠገብ መጀመሪያ ተመስገን አለች። ኋላ ግንባሯን ነካች፤ ትኩሳት የለም። ሰኞ ጠዋት ሔርሜላ «ሆዴን አሞኛል፣ አልሄድም» ስትል የአትጠገብ ክንድ ከበዳት። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች።

«ማን መታሽ?»

«ማንም።»

«ሆድሽ የቱ ጋ ነው ያመመሽ?»

ልጅቷ ደረቷን አሳየች።

«እሱ ሆድ አይደለም። ተናገሪ።»

ቀስ በቀስ ወጣ። መምህሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቦሎቄ ሰጥቶ ነበር። በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ እርጥብ ጥጥ አድርገው፣ መስኮት ላይ ደርድረው፣ ሲበቅል ሊያዩ። የሁሉም በቀለ። የሔርሜላ ሸተተ።

«ውሃ አበዛሽበት?»

«አይ። መሃሉን በጥፍሬ አወጣሁት። ጭቃ ጠቀጠቅሁበት።»

«ምነው፣ ምን በደለሽ?»

«አንቺስ እንሰቱን እንደዛ አይደል የምታደርጊው? ልቡን ታወጪና ፋንድያ ጠቅጥቀሽ ትቀብሪዋለሽ። ከዛ ብዙ ይወልዳል። የሌሎቹ አንድ ሲያበቅል የእኔ ብዙ እንዲሆን ብዬ ነው።»

እውነቷን ነው። እዚህ አገር እንሰት በዘር አይዘራም። ጎልማሳው ተቆርጦ፣ ሥሩ ተነቅሎ፣ ልቡ ተፈልፍሎ ይቀበራል፤ ዝናብ ሲመጣ ችግኞቹ እናታቸውን እንደከበቡ ልጆች ዙሪያውን ብቅ ይላሉ። ፋንድያውን ያቀበለቻት ራሷ ሔርሜላ ነበረች።

«ቦሎቄና እንሰት አንድ ነው?» አለች አትጠገብ።

«ለምን አንድ አይሆንም?»

አትጠገብ ለምን እንደሆነ ስላላወቀችው ተናደደች።

«ቲቸር ምን አለሽ?»

«ሸተተ ብሎ በመስኮት ጣለው። ልጆቹ ቦሎቄ ገዳይ ይሉኛል።»

«ለምን እንዳደረግሽው አልነገርሽውም?»

«እጄን አውጥቼ ነበር።»

ባሏ ደጀኔ ጫማውን እያሰረ ይሰማ ነበር። «ልጅ ናት፣ ይረሳታል» አለ።

«እኔን ረሳኝ?» አለችው። መልስ አልጠበቀችም፤ ነጠላዋን አንስታ የልጅቷን እጅ ያዘች።

ከክፍሉ ጀርባ፣ ሣሩ ውስጥ፣ የተጣለው ሃይላንድ እንደነበረ ተገኘ፤ ጥጡ ጠቁሯል፣ ሽታው ዝንብ ጠርቷል። አትጠገብ ይዛው ገባች። አንዱ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ተጨናንቋል። መምህር ጥበቡ የትልቁ ልጇ እኩያ የሚሆን ወጣት ነው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጠመኔ የነካው፣ ክፉ ሰው የማይመስል።

«እትዬ አትጠገብ፣ የወላጅ ቀን እኮ ዓርብ ነው።»

«ወላጅ ሆኜ አልመጣሁም። የወደቀባችሁን ልመልስ ነው።» ሃይላንዱን ከበቀሉት መሃል አስቀመጠችው። ፊት ያሉት ልጆች አፍንጫቸውን ያዙ።

«እሱ ተበላሽቷል እኮ።»

«አፍንጫ አለኝ። ለምን ተበላሸ?»

«ፅንሱን ስላወጣችው ነዋ።»

«የእንሰቱም ልብ ይወጣል። እሱ ለምን አይሞትም?»

ጥበቡ ጠመኔውን አገላበጠ። «እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ነው የማላውቀው፣ ልጄም የማታውቀው።»

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ይዤ ለእያንዳንዱ ለምን ከቆምኩ መጽሐፉ መቼም አያልቅ።»

«አይለቅ።» ኋላ ዴስክ ላይ ልጇን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ጉልበቷ አልገባ ብሎ ወደ መተላለፊያው ወጣ። «አስተምር። አልረብሽም።»

ጥበቡ ተነፈሰ። «እሺ። የሔርሜላ ቦሎቄ ለምን በሰበሰ? እንሰትስ ለምን አይበሰብስም?»

ክፍሉ ገበያ ሆነ። ሳምሶን ጭቃው በልቶት ነው አለ። ሀኒ እንሰት አሮጊት ስለሆነች ሞት አትፈራም አለች፤ ሁሉም ሳቀ፣ መምህሩም። አትጠገብ ጥርሷን ነከሰች፤ የፈለገችው መልስ ነበር፣ የተሰጣት ጫጫታ። ታዲዮስ የሚባለው ልጅ ግን ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደና የበቀለ ቦሎቄ አንስቶ ገለበጠ።

«ቲቸር፣ የዚህ ቅጠል የወጣው ከመሃሉ ነው። እንሰት ግን ልጆቹ ከጎኑ ነው የሚወጡት። እሷ የጣለችው የሚበቅለውን ራሱን ነው።»

ሔርሜላ ቀና አለች። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብላ፣ ቀጥሎ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ፣ «እንግዲያው መሃሉን ትተን ጎኑን ብንቆርጠውስ?» አለች።

«አላውቅም» አለ ጥበቡ። «ቆርጠሽ አሳዪን።» ከኪሱ ቦሎቄ አውጥቶ አቀበላት፤ ሊጽፍ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

አትጠገብ አሁን መሄድ ትችል ነበር። ገበያው ረፍዶባታል። ነገር ግን ቆጮ እየጨመቀች በቁልፍ ልትዘጋው የነበረው የልጅቷ ጥያቄ ጉሮሮዋ ላይ መጣ፤ ሥጋ ሲቀበር ይበሰብሳል፣ ቆጮ ለምን ይጣፍጣል? እሷም አታውቀውም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቀብር ኖራለች።

ቀኝ እጇን አወጣች። ነጠላው ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። ልጆቹ አንድ በአንድ ዞሩ።

«እማ፣ አውርጂ» አለች ሔርሜላ በሹክሹክታ፣ ጆሮዋ እየቀላ። «እያዩሽ ነው።»

«አላወርድም» አለች አትጠገብ።