ማን ቀድሞ ይስማ

የተመራማሪው ሥራ ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል። መሠራት ያለባቸው ነገሮች አሉ፤ አንዳንዱ ከሌላው መቅደም አለበት። ካልሲ ከጫማ ይቀድማል፤ መሠረት ከግድግዳ ይቀድማል። እሱ እያንዳንዱን ነገር በነጥብ፣ «ይህ ከዚያ ይቅደም» የሚለውን ደግሞ በቀስት ይስላል። ከዚያ አንድም ቀስት ሳይጣስ ሁሉንም በአንድ ሰልፍ የሚያቆም አልጎሪዝም ይፈልጋል። የፋብሪካ ማሽኖች፣ የመርከብ ጭነት፣ የቀዶ ጥገና ተራ፣ ሁሉም በእሱ እጅ እሺ ብለው ተሰልፈዋል። እሺ ያላሉት የሚስቱ አክስቶች ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመት ጥበቃና ከብዙ ጸሎት በኋላ ሚስቱ አረገዘች። የምርመራውን ውጤት ይዛ የመጣች ዕለት ሁለቱም እዚያው በሩ ሥር ቆመው አለቀሱ፤ ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ከዚያ እሷ እንባዋን ጠረገችና፣

«አሁን ጉድ ፈላ» አለች።

«የምን ጉድ?»

«ለአክስቶቼ። መጀመሪያ ለማን ነው የምንነግረው?»

እናቷን ያጣችው በሕፃንነቷ ነው፤ ሦስት አክስቶች እየተቀባበሉ አሳደጓት። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ወሬን ዘግይቶ መስማት እንደ ስድብ ይቆጠራል። የሠርጋቸው ጊዜ መካከለኛዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ወሬውን ከታናሿ በኋላ ሰማች። የሙሽራዋን ቀሚስ እስከ መጨረሻዋ ቁልፍ ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ በሰው ላከችና ራሷ ቀረች። ሙሽራዋ ያን ቀን ሙሉ ዓይኗ በር በሩን ሲያይ ዋለ።

«ስወልድ ሦስቱም አጠገቤ እንዲሆኑ ነው የምፈልገው። አንዷ እንኳ ብትቀር...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

«ለኔ ተይው! ሥራዬ አይደል እንዴ?» አለ ተመራማሪው ደረቱን ነፍቶ።

ደህና ተመራማሪ በግምት አይሠራም። መረጃ ለመሰብሰብ የሦስቱንም ደጃፍ አንኳኳ። ስለ እርግዝናው ትንፍሽ አላለም። «እንዲያው ለጥናት ያህል ነው እትዬ፤ ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ወሬ ቢኖር፣ ማን ከማን ቀድሞ ቢሰማ ጥሩ ነው ይላሉ?» ብቻ ነው ያለው። በጥንቃቄው በጣም ኮራ።

ታላቋ አክስት፣ «ይሄም ይጠየቃል? ከልብስ ሰፊዋ በፊት እኔ ነኛ! እኔ የወተት ጥርሴን ስነቅል እሷ መቼ ተወለደችና!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ የነበሩትን መርፌዎች አንድ በአንድ አወጣች። «ከታላቄ በኋላ ብሰማ ግድ የለኝም። ከሲስተር በኋላ ግን ሁለተኛ! ያቺ ከሰማች እኮ እኔ የምሰማው ከጎረቤት ነው።»

ሲስተር የምትባለው ታናሿ ናት፤ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። «ታላቃችን ደም ግፊት አለባት» አለች። «ደስታም ይሁን ሐዘን፣ እኔ ቀድሜ ሳላውቀው ወደ ጆሮዋ እንዳይገባ። ያኔ የወንድማችን ልጅ ሲመረቅ በድንገት ነግረዋት ከነድስቱ ነው የወደቀችው።»

ተመራማሪው ቢሮው ገባና ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ቀስት አስገባ። ኮምፒውተሩ ብዙም አላሰበም፤ «ሰልፍ ማውጣት አልተቻለም፤ ዙር ተገኝቷል» አለው። መርከብ ሙሉ ጭነት ያሰለፈ ፕሮግራም በሦስት ሴቶች ይሸነፋል ብሎ ማመን ስላቃተው ስህተት ፍለጋ ኮዱን ከላይ እስከ ታች በረበረ። ምንም የለም። በመጨረሻ ነጩ ሰሌዳ ላይ ሳለው። ታላቋ ከልብስ ሰፊዋ በፊት፣ ልብስ ሰፊዋ ከሲስተር በፊት፣ ሲስተር ከታላቋ በፊት። አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ የሚሽከረከር የድመት ሰልፍ!

በቁመቱ «ቀጭኔ» የሚባለው የቢሮ ባልደረባው ከጀርባው ቆሞ ሳቀ። «እዚህ ውስጥ የምን ሰልፍ አለ? አንዱን ቀስት ቁረጥና ተገላገል።»

«የቱን?»

«ቅያሜው አነስ የሚለውን ነዋ!»

ምክሩን እንደወረደ ይዞ ቤቱ ገባ። «ለመሆኑ... የትኛዋ አክስትሽ ብትቀየም ይሻላል?» አለ። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ነበር የጸጸተው።

ሚስቱ ቀስ ብላ ዞረች። «ይህን የጠየቀኝ አንተ ነህ ወይስ ኮምፒውተሩ?»

«ኮምፒውተሩ» አለ ፈሪው።

«እንግዲያስ ሶፋው ላይ ይደር።»

ኮምፒውተሩም ባለቤቱም ሶፋው ላይ አደሩ።

ሶፋ ላይ ያደረ ሰው ያስባል። በሙያው ዙር የገቡ ነጥቦች አልለያይ ሲሉ እንደ አንድ ነጥብ ይታሰራሉ። እንግዲህ ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ ይስሙ! በማግስቱ የራሱን፣ የሚስቱንና ከጎረቤት የተዋሰውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርጎ እኩል ደወለ።

«አቤት!» አለች ሲስተር። ከልብስ ሰፊዋ ስልክ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይንደቀደቃል። ታላቋ፣ «ሃሎ! ማን ነው? ጮክ በል!» ትላለች።

«እትዬ፣ አንቺም አለሽ? ቁጭ ብለሻል?» አለች ሲስተር ደንገጥ ብላ።

«ምን አግኝቼ ነው የምቆመው?»

ተመራማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ የደወልነው፣ ለሦስታችሁም በእኩል፣ በአንድ ጊዜ...»

«ስለ እርግዝናው ከሆነ አውቃለሁ» አለች ታላቋ።

«እኔም ልብሱን ቆርጬ ጨርሻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔም ቫይታሚኑን አስቀምጬላታለሁ» አለች ሲስተር።

ሚስቱ ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም! ፈጣሪ ምስክሬ ነው!»

«አንተ ልጅ» አለች ታላቋ፣ «ካገባሃት ጀምሮ ብቻህን ቤቴ መጥተህ ታውቃለህ? መጥተህ ‹ደስ የሚል ወሬ ቢኖር› ስትለኝ ምን ልበል? ኮምፒውተር ሊገዛ ነው ልበል?»

የልብስ ስፌት መኪናዋ ቀጥ አለች። «ቆይ፣ ቆይ። አንቺም ጋ መጥቶ ነበር?»

«ክሊኒክም መጥቶ ነበር» አለች ሲስተር።

ከሦስቱም ስልክ አንድ ጥያቄ ወጣ። «መጀመሪያ ማንን ነው የጠየቅከው?»

ሚስቱ ክንዱን ጨበጠችው። መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ፈጣሪን አመስግነው በተቀበሉት ነገር ላይ ውሸት ለመጨመር አንደበቱ እምቢ አለው። «በአውቶቡስ ነው የሄድኩት» አለ። «የመጀመሪያው ፌርማታ ክሊኒኩ ጋ ነው፤ ቀጥሎ ልብስ ስፌቱ፤ እርስዎ እትዬ፣ መጨረሻው ላይ ነዎት። ላለመመላለስ ብዬ ነው እንጂ አላሰብኩበትም።»

«ስለዚህ ዛሬም ሲስተር ቀደመችኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ልክ ቀሚሱን እንደላከችበት ቀን ቀዝቅዟል። የሚስቱ ዓይን ወደ በሩ ሄደ።

«ኧረ እኔ ሲጠይቀኝ መቼ ገባኝ?» አለች ሲስተር። «ጥናት ነው አለኝ፣ አመንኩት። የገባኝ ማታ ቤቴ ገብቼ ነው።»

«ማታ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔ እኮ ገና ከደጃፌ ሳይወጣ ነው የገባኝ!»

«አየሽ፣ ቀደምሽኝ።»

መኪናዋ እንደገና መንደቅደቅ ጀመረች። ተመራማሪው አፉን ሊከፍት ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ጥያቄውን ሳይጨርስ ሲስተር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን በፋሻ ስትጠርግ ትዝ አለው፤ እሱ ያን ጊዜ የመድኃኒቱ ሽታ መስሎት ነበር። አፉን መልሶ ዘጋ።

«እንዲያው ስትከራከሩ ዝም አልኩ እንጂ» አለች ታላቋ፣ «እኔ ሁላችሁም ሳትሰሙ በሕልሜ አይቻለሁ። በዚህ ማንም አይመጣብኝም!»

«በሕልም ከሆነማ ግፊት አይጨምርም፤ እኔም አልከለክልም» አለች ሲስተር።

ሚስቱ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። «እሺ፣ ስወልድ ትመጣላችሁ?» አለች ድምፅዋ ተቆራርጦ።

«ምን ጥያቄ አለው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የልጁን ወገብ ሳልለካ ልቀር ነው? ይልቅ አሁን ምን በልተሻል?»

ከዚያ በኋላ ሦስቱም እኩል ስለሚያወሩ ማን ምን እንዳለ አልተለየም። ሚስቱ ስልኮቹን ሦስቱንም በክንዷ ሰብስባ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ለሁሉም «እሺ፣ እሺ» ትል ጀመር።