የሳል ከረሜላ

ራጅ ክፍል ውስጥ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። «ደረትዎን ያስጠጉ፣ ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ።» አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይህችኑ ነው የምደጋግመው። ባሌ «አንቺ ሳትፈቅጂልኝ መተንፈስም ፈራሁ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አሁን የሚቀልደው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፣ ከእስር ቤቱ አጥር ማዶ ሆኖ።

ያሳሰረው ሰው ማክሰኞ ጠዋት የሐኪም ወረቀት ይዞ እያሳለ ገባ። ባሌ ይጠብቀው የነበረው መጋዘን ኃላፊ ነው። መጋዘኑ የተቃጠለ ጊዜ «ጥበቃው ሲጋራ ሲያጨስ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ማለ። ባሌ ሲጋራ አፉ ደርሶ አያውቅም። ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ሦስቱ አልቋል።

ፊቴ በጭምብል ስለተሸፈነ አላወቀኝም። «እንደምን አደርሽ እህቴ» አለኝ። ልቤ ይመታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም። ድንዝዝ ብያለሁ። ቶሎ ይውጣልኝ ብዬ ሸሚዙን እንኳ ሳላስወልቅ አነሳሁት። ይህ ለጀማሪም ነውር ነው።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ግራ ሳንባው ላይ ዕጢ የምትመስል አንዲት ክብ ነጭ ነገር ተቀምጣለች።

ሦስት ዓመት «ፈጣሪዬ ፍረድልኝ» ያልኩት ይኸው ተፈረደልኝ አልኩ። ደስም አላለኝ፣ አላዘንኩም። ባሌ ሁልጊዜ «እኔስ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ፤ አንቺስ ሰጠሽው?» ይለኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ፣ ከአንገት በላይ።

ምስሉን ለሐኪሙ ልልክ ስል ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ሰውዬው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ሸሚዙ ግራ ኪስ ውስጥ ከተተ። አንዲት የሳል ከረሜላ አወጣና ልጦ ጎረሳት። ሳንባው ላይ ያየኋት እሷ ነበረች።

ጣቴ መላኪያው ላይ ቀረ። ብልከው ማን ይጠይቀኛል? ሐኪሙ ሌላ ምርመራ ያዝዝለታል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣል። እኛ ሦስት ዓመት አጥተናል። «ጌታዬ፣ አንተው ያመጣኸው ነው» ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ። እግዚአብሔር ለመፍረድ ከረሜላ አያስፈልገውም። ይህን ብልከው ፍርዱ የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው።

በሩን ከፈትኩ።

«ይግቡ። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሸሚዝዎን ያውልቁና እንደገና እናንሳ።»

«ክፉ ነገር ታየሽ እንዴ እህቴ?» ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኧረ ምንም የለም። ኪስዎ ውስጥ የነበረው ከረሜላ ነው።»

አወለቀ። የጎን አጥንቱ ይቆጠራል። «ትንፋሽ ይሳቡ። ይያዙ።» ያዘ። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ አየሁት፤ እኔ ካላልኩት አይተነፍስም።

«ይተንፍሱ» አልኩ።

ሁለተኛው ምስል ንጹህ ነበር። እሱን ላክሁ፤ የመጀመሪያውን አጠፋሁት። ሰውዬው ሸሚዙን እየቆለፈ «እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ» አለኝ። ከሱሪው ኪስ ሌላ ከረሜላ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና ወጣ። አልነካሁትም። ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

እፎይታ የሚባል ነገር እስካሁን አልመጣም። እሑድ ባሌ እንደ ልማዱ «ሰጠሽው?» ሲለኝ «ሰጠሁት» እለዋለሁ። የሰውዬው ሳንባ ንጹህ እንደሆነም እነግረዋለሁ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ አጥሩን ይዞ «ተመስገን» ነው የሚለው። ያኔ ማልቀስ ይመጣልኝ ይሆናል።