የማያፈስ ጣሪያ

ልብስ ሰፊዋ፣ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ ገዢ እንዳለ በሰማች ቁጥር ሳፋ ትደረድራለች፤ አልጋው አጠገብ፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን፣ በሩ ሥር። በእያንዳንዱም ውስጥ ትንሽ ውኃ ጠብ ታደርጋለች። ቤቱ ከተሸጠ ወጪ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚህ ኪራይ የሚያስጠጋት ሌላ ቤት አታገኝም። እስካሁን የመጡት ሁሉ ሳፋዎቹን አይተው፣ "ጣሪያ ማስቀየርማ የስንት ጊዜ ኪራይ ይበላል" እያሉ ወደ መጡበት ተመልሰዋል።

የዛሬው ግን መዶሻ ነው። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት፣ የሚያከራየውን ቤት ሲገዛ ትንሽ መዶሻ ይዞ ግድግዳ እያንኳኳ ስለሚዞር ነው። ልስኑን አንኳኳና ጆሮውን አስጠጋ። "ይሄ ቀላል ነው።" የቧንቧውን መጋጠሚያ ዳሰሰ። "ይሄም ቀላል ነው።" ከዚያ ሳፋዎቹን አየ።

"ያፈሳል?"

"ያፈሳል ብቻ፣ ጋሼ! ክረምት ሲገባ ዣንጥላ ዘርግቼ ነው የምተኛው።"

መዶሻ ኮርኒሱን ቀና ብሎ አየ። ከላዩ ያለው እንጨት ደህና ከሆነ ቤቱ ያዋጣል፤ ከበሰበሰ ግን ባይገዛው ይሻላል። ከታች ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ዓይኑን ሲያወርድ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶ አየ፤ አንድ ሰው ሚስማር በአፉ ይዞ፣ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ሰፊዋ ሳፋውን ስትደረድር ፎቶውን ማውረድ ትዝ አላላትም።

"ቆርቆሮውን የመታው ማነው?"

"እኔ እንጃ።"

"ማንም ይሁን፣ ሰካራም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሬሳ ሣጥን እንኳ አላስመታውም።"

ሰፊዋ ጥርሷን ነከሰች።

"ሚስቱ ናት የምታሳዝነኝ፤ ከእንዲህ ያለ ጨምላቃ ጋር ዕድሜዋን የፈጀች።"

"አፍህን ያዝ!" አለች፤ ጋሼውም አንቱታውም ጠፋባት። "ባሌ ነው የመታው! አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም! ሳፋውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ!"

ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። መዶሻ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

"ከጣሪያ የወረደ ውኃ እንዲህ አይጠራም፣ እህቴ። በይ ስሚኝ። ሳፋዎቹን አታንሺ። ነገ የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ስትመጣ ያፈሳል በያት። ዋጋ ትቀንሳለች፣ እኔ እገዛለሁ፣ አንቺ ትኖሪያለሽ።"

"በዚሁ ኪራይ?"

"በዚሁ።"

በማግስቱ የቤቱ ባለቤት ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። የሰፊዋ ባል አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ኪራይ የሚል ቃል ካፋቸው ያልወጣ ሴት ናቸው። ሳፋዎቹን አዩና ግራ ገባቸው።

"ልጄ፣ ያንቺው ሰው አሳምሮ የመታው አልነበረም እንዴ?"

መዶሻ መዶሻውን በእጁ ያገላብጣል።

"አልነበረም፣ እማማ" አለች ሰፊዋ መሬት መሬት እያየች። "ደብቄዎት ነው እንጂ... ይጠጣ ነበር።"

እማማ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ነፍሱን ይማረው" አሉና በተባሉት ዋጋ ፈረሙ።

ሳምንቱ ሳያልቅ መዶሻ ሠራተኞች አስከትሎ መጣ፤ አንዱ አዲስ ቁልፍ ይዟል።

"ጋሼ፣ ቃል ገብተውልኝ አልነበር?"

"ገብቼ ነበር። ግን አንቺው ፍረጂ። ለእሳቸው የዋሸሽ፣ የሞተ ባልሽን ሰካራም ያልሽ ሴት፣ ነገ ለእኔ ምን ልትይኝ ነው? እኔ ቤት ስገዛ ተከራዩንም አንኳኩቼ ነው የማየው።"

ዕቃዋ ደጅ እንደተቆለለ ዝናቡ ወረደ። የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ሸፍና ግድግዳው ሥር ተለጠፈች። ፎቶውን ጉያዋ ውስጥ ከትታዋለች። ከውስጥ አንደኛው ሠራተኛ ኮርኒሱን ገልጦ ሲጮህ ተሰማ።

"ወይ ጣሪያ! ጋሼ፣ አንድም ሚስማር አልላላም። የመታው ሰው እጁ ይባረክ!"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ መዶሻ።

ሳፋዎቿ እግሯ ሥር ናቸው። ይሞላሉ።