መካከለኛው ሞተር

ታናሽ ወንድሜ ነመራ ባሮ ላይ ዓሣ የሚያጠምድባት ትንሽ ጀልባ ነበረችው። ሞተር ልግዛልህ ብዬ ከመቱ ጋምቤላ ወረድኩ። ሻጩ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሞተር አሳየን። ነመራ እጁን መካከለኛው ላይ አሳርፎ አየኝ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ጭኜ የጎሬን ዳገት የወጣሁ የአይሱዙ ሾፌር ነኝ፤ ጉልበት በዝቶለት የተጎዳ አላውቅም።

«ትልቁን» አልኩ።

«አንተ ካልክ ይሁን፣ ጋሼ» አለ።

በማግስቱ ጀልባዋ ወንዙ መሃል ሳትደርስ ሞተሩ ከበዳት፤ በኋላዋ ውሃ ገብቶ ሰመጠች። እሱ ዋኝቶ ወጣ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ የጮህኩበትም እኔው ነኝ።

አሁን ረዳቴ ሆኖ ዳገቱን አብረን እንወጣለን። ጭነቱ በዝቶ ይሆን፣ እንቀንስ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ «አንተ ካልክ ይሁን፣ ጋሼ» ይለኛል።