የውድነህ ቀበቶ

በግቢው ውስጥ ሳይጠየቁ የቀሩት እማማ አሰጋሽና የጎረቤታቸው የዓሻ ፍየል ብቻ ነበሩ። ጓድ ፍቃዱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ ሦስት ወር ሲመላለስ ስለ ውድነህ ቤተሰብ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ጠየቀ፤ የልጅቷን አስተማሪ ጠየቀ፤ ጥግ ላይ ያለውን ባለሱቅ ሳይቀር ጠየቀ። ከውድነህ ቤት በአንድ የሳንቃ ግድግዳ የሚለዩትን፣ የዚያን ቤት ጩኸት ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሰሙ የኖሩትን አሰጋሽን ግን «እማማ፣ ማንበብ ይችላሉ?» አላቸውና «አልችልም» ሲሉት እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ለማየት ፊደል ያስፈልጋል እንዴ?» አሉት ከኋላው።

አልሰማቸውም። ወይም ሰምቶ ንቋቸዋል፤ እሳቸው ያመኑት ይኸንኑ ነው።

ውድነህ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነው። መጋቢት ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ዓለምዘውድን በቀበቶ ገርፎ ጀርባዋን ስላቆሰላት ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። ልጅቷ ደጋ አገር ወዳለ የልጆች ማሳደጊያ ከመወሰዷ በፊት ለአባቷ ሦስት ወር ተሰጠው፤ ቤተሰቡ መሻሻሉን የሚለካው ደግሞ ፍቃዱ ሆነ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ቤተሰቡ ካለፈ ልጅቷ ትቀራለች፤ ከወደቀ ሐሙስ በአውሮፕላን ትሄዳለች።

«እኛ ጉድለት አንፈልግም፤ ከቤተሰቡ ጥንካሬ ነው የምንነሳው» ይላል ፍቃዱ። ጥንካሬ የሚለው ምን እንደሆነ እማማ አሰጋሽ ታዝበውታል። ሬዲዮ አለ ወይ? የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል ወይ? አባት ስብሰባ ይገኛል? አለባበሱን ይጠብቃል? ለሁሉም ከአምስት ይሰጣል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ፤ ይኼኛውስ አንጥፈውለት ተኛበት።

ረፋድ ላይ የልጅቷ እናት ታደለች እያለቀሰች መጣች።

«እማማ፣ ከአምስት ሁለት ሰጠን፤ ወደቅን! ትናንት ስብሰባ ላይ ውድነህ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ አይቶት፣ ‹ራሱን ጥሏል፣ ቤተሰቡ ወደ ኋላ ሄዷል› ብሎ ጻፈ።»

እማማ አሰጋሽ መራራ ሳቅ ሳቁ። ቀበቶው እሳቸው ቤት፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

ልጅቷ የተገረፈች ዕለት ውድነህን በራቸው ላይ አቁመው «ፍታ» ብለውት ነበር። «ምኑን?» ቢላቸው፣ «ቀበቶህን። ከእንግዲህ መግረፍ ሲያምርህ እዚህ መጥተህ ትለምነኛለህ!» አሉት። ፈታ። ከዚያ ወዲህ ደሙ ሲፈላ ዞሮ ይመጣል። እሳቸውም ከሰባት ዘሩ ጀምረው ይሰድቡታል፤ ስድቡ ሳያልቅ ንዴቱ ያልቅና ባዶ እጁን ይመለሳል። በመጣ ቁጥር አንድ የተምር ፍሬ፣ ሥጋው ተበልቶ የቀረውን፣ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ።

ሦስት ጣሳ ታቅፈው ወጡና ከግቢው ሊወጣ ሲል ፍቃዱን መንገድ ዘጉበት።

«ይኸ ሚያዝያ ነው» ብለው ገለበጡት። ዐሥራ አንድ ፍሬ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ይኸ ግንቦት።» አራት። «ይኸ ሰኔ።» አንድ።

«እማማ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ልኬት ነው» አሉና የቀበቶውን ነገር ነገሩት።

«ታዲያ ሰኔም ላይ መጥቷል ማለት ነዋ!» አለ ፍቃዱ፣ ሌባ እንደያዘ ሰው።

«መጥቷል። አልዋሽህም፤ ውሸት ለተማረ ሰው ነው። ልጅቷ ፔርሙዙን ሰበረች። መጣና በሬ ላይ ቆሞ ‹እማማ፣ ቀበቶውን ተዉት፤ ስደቡኝና ልሂድ› አለኝ። ሰደብኩት፤ ሄደ።»

ፍቃዱ ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ገታ። «ይኸ እኮ ሳይንሳዊ አይደለም። ቅጹም ላይ ቦታ የለውም።»

«ለሲባጎው ቦታ አግኝተህ ለዚህ ታጣለህ? ሰውዬው ልጁን ላለመምታት ሱሪው እየወለቀ ከረመ፤ አንተ ሱሪውን ለካህ! ልብስ ሰፊ ብትሆን ይሻልህ ነበር።»

የወደቡ ጡሩንባ ጮኸ። ስድስት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ወደ ቤቱ የሚያባርርበት። እማማ አሰጋሽ ፍቃዱን በክንዱ ይዘው ወደ በራቸው ጥላ ጎተቱት።

«ዝም ብለህ እይ። ድሮ ልጅቷ የአባቷን ኮቴ ስትሰማ በዚያች በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እኔ አልጋ ሥር ነበር የምትገባው።»

የቆርቆሮው በር ተንጓጓ። ውድነህ ገባ፤ ሸሚዙ ላይ የላብ ጨው ደርቋል፣ ወገቡ ላይ ሲባጎ ታስሯል። ዓለምዘውድ ከቤት ወጣች። ወደ ቀዳዳው ዘወር እንኳ አላለችም። ውኃ በጣሳ ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች፤ እጁን ላስታጥበው ስትል ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ውኃ ተሰልፎ በሚቀዳበት ከተማ!

ውድነህ ጫማውን አየ፤ ልጁን አየ።

«እግሬም ሞቆት ነበር» አላት። ልጅቷ ሳቀች።

ፍቃዱ ቅጹን አወጣ፤ እስክሪብቶው ግን ወረቀቱ ላይ አላርፍ አለ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ ይኸን እኔን እንድትጠይቅ ነው? ያቺን ሁለት ሰርዛት! ያየኸውን ጻፍ፤ ‹ልጅቷ ወደ አባቷ ሮጠች› በል። ከሥሩ ‹ምስክር አሰጋሽ› በልበት። ‹ማንበብ የማይችሉ› ብለህም ጨምር፤ አላፍርበትም። በል አሁን ቀለሙን አምጣ፣ አውራ ጣቴ ይኸው!»